አያ ጫኔና የግራ ጉልበቴ

አያ ጫኔ መሞቱን የነገረኝ ሞላ ነው። ሞላ የግራ ጉልበቴን የሰበረው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ወዳጄ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ ጎንደር በወረደ ቁጥር፣ እኔ ዘበኛ ከሆንሁበት ወፍጮ ቤት ጎራ ሳይል አይመለስም። የዚያን ዕለት ግን ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

"ምነው ሞላ?" አልሁት።

"አያ ጫኔ ዐረፈ። ማክሰኞ ቀበርነው።"

"ታሞ ነበር?"

"አልታመመም። አጨዳ ውሎ ገባ፤ ጧት አልተነሳም።"

"ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?"

"ቄሶቹና እኛ ነን። ብዙም ሰው አልነበረ።"

"መሬቱስ?"

ሞላ፣ "ለአጎቱ ልጆች ሆነ። ሌላ ማን አለው?" አለኝ።

አያ ጫኔ አስራ አንድ ዓመት የተካሰሰው ከነዚሁ ከአጎቱ ልጆች ጋር ነበር። "እግዜር ይማረው" ልል አፌን ከፈትሁ፤ ግን አልወጣልኝም። ሞላም አልፈረደብኝም። ገብሱን አስፈጭቶ ሄደ።

ስለ አያ ጫኔ የማወራው ስሙን ለማጥፋት አይደለም። ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።

ያወቅሁት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሶዬ ላይ ነው። የደባርቁ መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ይናዳል፤ እኛ ደግሞ በጋውን ሙሉ ድንጋይ እየፈለጥን ስንጠግነው እንከርማለን። እኔ ከጎንደር በታች ካለችው ከፀዳ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሰፈሬ በትግል የሚጥለኝ ስላልነበረ፣ በዓለምም ያለ አይመስለኝም ነበር። የመንገድ ሥራው ካምፕ በገባሁ በሳምንቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሠራተኞቹ ሜዳው ላይ ትግል ሲገጥሙ ሦስቱን ተራ በተራ ጣልሁና "ሌላ ሰው የለም?" ብዬ ጮህሁ።

ከተቀመጡት መካከል አንድ አጭር ሰው ተነሳ። አርባ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ከቁመቱ ጋር የማይሄድ ረጅም ነው። ጋቢውን በጥንቃቄ አጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረና፣ "ጉልበትስ አለህ። እስቲ እግርህን እንየው" አለኝ።

ዘልዬ ገባሁበት። እሱ ቁጢጥ ሊል ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ አለ፤ ከዚያ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየተንሸራተተ ወደ ጎኔ መጣ። እንዴት እንደያዘኝ አላየሁም። ያየሁት ሰማዩን ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን እጄን ይዞ እያስነሳኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

"እግርህን አነሳህ። ሰው ሲራመድ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። ያን ጊዜ ግማሽ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ነው የሚጣል።"

"አንተስ በምንህ ትሄዳለህ?"

"እንደ ጭላዳ ነዋ! ተቀምጨ።"

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ገደሉ ጫፍ ወሰደኝ። ኮሶዬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው ድንገት ያልቅና ከእግር ሥር ቆላው ይዘረጋል። ጭላዳዎቹ ጧት ጧት ከገደሉ ይወጡና ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ዝንጀሮ ሁሉ በአራት እግሩ ቆሞ ይሄዳል፤ ጭላዳ ግን በቂጡ እንደተቀመጠ፣ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ ሽርት ሽርት እያለ ነው ሜዳውን የሚያዳርሰው። እኔ ይኼን ካምፑ ከገባሁ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ግን ተመልክቼው አላውቅም።

አያ ጫኔ ለያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸዋል። ጎፈሩ ጀርባውን የሸፈነውን ትልቁን ወንድ "ዳኛው" ይለዋል። ዳር ዳር እየዞሩ እሱን ሊገለብጡ የሚያደቡትን ጎረምሶች "ይግባኝ ባዮቹ" ይላቸዋል።

"እነዚያ ሴቶቹስ?" አልሁት።

"እነሱማ ምስክሮቹ ናቸው። ወዳሸነፈው ነው የሚሄዱ።"

ድምፅ ሳያሰማ ትከሻውን እያነቃነቀ ሳቀ። የሱ ሳቅ እንዲያ ነው።

በዚያው ቀን ከይግባኝ ባዮቹ አንዱ ወደ ዳኛው ተጠጋ። ዳኛው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሙሉ አሳየው፤ ቅንድቡንም ወደ ላይ ሰቀለው። ጎረምሳው ወደ ኋላ ሸሸት ሲል ዳኛው በአንድ ዝላይ ደረሰበት።

"አየኸው?" አለኝ አያ ጫኔ ክንዴን ጨብጦ። "ጥርሱን ያወጣ ሊነክሰው አይዶለም። እንዲያፈገፍግለት ነው። ያፈገፈገ እግሩን ያነሳል።"

ከዚያ በኋላ ትግል መሐል ስንሆን ድንገት ቅንድቡን ሰቅሎ ጥርሱን ያወጣብኛል። እንደሚያደርገው እያወቅሁ እንኳ ሰውነቴ ከኔ ቀድሞ ወደ ኋላ ይላል፤ ሰማዩንም አያለሁ። ማፈግፈጌን ለማስቆም አንድ በጋ ፈጀብኝ፤ ራሴ ለማድረግ ደግሞ ሌላ በጋ።

ትምህርቱ በጭላዳ አላበቃም። ገደሉ ላይ ሚዳቋ የሚያካክሉ ሰሳዎች ነበሩ፤ የሰው መዳፍ በማታክል ድንጋይ ላይ አራት እግራቸውን ገጥመው የሚቆሙ። "ተረከዝህን አቅልለው፤ በጣትህ መሬቱን ያዝ" እያለ በድንጋይ ላይ ድንጋይ አነባብሮ ያቆመኝ ነበር። የድመቷ ጉዳይ ደግሞ ካምፑን ሁሉ አሳቀ። የካምፑ ወጥ ሠሪ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረቻት። አያ ጫኔ የዕቃ ቤቱ ጣራ ላይ ወጥቶ ድመቷን በጀርባዋ ገልብጦ ጭድ ላይ ይለቃታል፤ እኔ ከታች ሁኜ አያለሁ። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ማማሰያዋን ይዛ መጣች።

"አንተ ሰውዬ! ምን አደረገችህ? አይጡን አንተ ልትይዝልኝ ነው?"

"አንዴ ብቻ እህቴ! ደምሴ አንገቷን አላየም!"

"የሱን አንገት አዙረህ አሳየው!"

እሱ ግን ከጣራው ላይ ሁኖ፣ ማማሰያው እየጠበቀው፣ ትምህርቱን አላቋረጠም። "መጀመሪያ የምታዞር ራሷን ነው፤ ከዚያ ትከሻዋ ይከተላል፤ ወገቧ ኋላ ይመጣል። ስትወድቅ ራስህን አዙር። በደረትህ ከወረድህ ወድቀሃል የሚልህ የለም!"

እኔን ለምን እንደመረጠኝ ነግሮኝ አያውቅም። ልጅ የለውም፤ ሚስቱ ሞታለች። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ፣ እንደልማዳችን ስንገጥም፣ ጎኑ ገብቼ ጣልሁት። ጀርባው መሬቱን ሲመታው የሳቀ የለም። እኔም ደነገጥሁ። እሱ እንደተጋደመ ሰማዩን ትንሽ አየና፣ "ሸጋ ነው" አለ። ከዚያ ሣር ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ ተነሳ። በዚያው ዓመት በቃና ዘገሊላ አምባ ጊዮርጊስ ወርጄ፣ ሁለት ዓመት ያልተረታውን ሞላን ጣልሁት። ሞላ የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው፤ የአገሩ ሰው እኛን የመንገድ ሠራተኞች "ድንጋይ ፈላጭ" እያለ ነበር የሚንቀን። ስንመለስ በጠጠር ማኪናው ላይ እስከ ኮሶዬ ዘፈንን። አያ ጫኔ አልዘፈነም፤ ግን እጁን ከትከሻዬ ላይ አላነሳም።

የሱ የራሱ ጉዳይ ሌላ ነበር። የአባቱ ርስት አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። አባቱ ሲሞት የአጎቱ ልጆች ያዙት፤ እሱ ከሰሳቸው። ወረቀቱን በአንድ ያረጀ ቦርሳ ይዞ ጎንደር ይወርዳል፣ ቀጠሮ ተሰጥቶት ይመለሳል። ምስክር የሚሆኑት የአገሩ ሽማግሌዎች፣ ጭቃ ሹሙ ካልፈቀደ አፋቸውን አይከፍቱም። "ምን ሆነልህ?" ስለው "ዳኛው ሣር እየነጨ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔም ወጣት ነበርሁና ቀልድ ብቻ መስሎኝ እስቃለሁ።

በሚቀጥለው ኅዳር ከላይ የተናደ ድንጋይ የግራ ጉልበቴን መታኝ። አያ ጫኔ ማንም ሳይደርስ አዝሎኝ ወደ ጎጆው ገባ። ወጌሻም ነበር። ሁለት ሳምንት በቅቤ እያሸ፣ በቀርከሃ እያሰረ ያዘኝ። ለሥራው አለቃ ለካፖው "ብርድ መትቶት ነው" አለው። ለምን እንደዋሸ ስጠይቀው መልሱ እንደልማዱ ገደሉ ጫፍ ነበር። ከይግባኝ ባዮቹ አንዱ እግሩን ተነክሶ ነበር። በጓደኞቹ መካከል ሲያልፍ ደህና አድርጎ ይሄዳል፤ ከድንጋይ ኋላ ሲደርስ ግን ቁጭ ብሎ እግሩን ያቅፋል።

"ቁስሉን ያወቁበት ቀን አለቀለት" አለኝ አያ ጫኔ። "ያንተንም ካንተና ከኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ።"

ከዚያ ሳላነክስ መራመድ አስተማረኝ። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ እየተከተለ "ትከሻህ ወረደ! እንደገና!" ይላል። እሑድ እሑድ ብቻ አይኖርም፤ "ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ" እያለ አምባ ጊዮርጊስ ይሄድ ነበር። ለገና ማንም ሰው እግሬ ላይ አንድ ነገር አያይም ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ ግን ፈራሁ። "ዘንድሮ ይቅርብኝ" አልሁት። "ስጠመዘዝ ውስጡን ይወጋኛል።"

ጉልበቴን በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ብዙ ቆየ።

"ድኗል?" አልሁት።

"ግባ" አለኝ። ያን ጊዜ ፊቱን አላየሁትም፤ አጎንብሶ ነበር።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው በሰው ተሞላ። ካምፑ ተጠራርቶ መጥቷል፤ ወጥ ሠሪዋ እንኳ አልቀረችም። ሞላ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ሞላን አውቀዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ በቀጥታ መጥቶ ወገብ ነው የሚይዝ። ሲመጣልኝ በጎኑ ልገባ ተዘጋጀሁ።

አልመጣም። ዝቅ አለ። ያ ቁመቱ ሙሉ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ አለና፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየተንሸራተተ ወደ ግራዬ ዞረ። ተረከዙ ቀሏል፤ ጣቶቹ መሬቱን ይዘዋል። ኮሶዬ ሜዳ ላይ ሦስት ዓመት የተማርሁት አካሄድ ከፊቴ ሲመጣ አየሁት። ቅንድቤን ሰቅዬ ጥርሴን አወጣሁበት፤ ንቅንቅ አላለም። እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።

ያኔ ነው አያ ጫኔን በዐይኔ የፈለግሁት። ሰዎቹ መካከል ነበር። ሰው ሁሉ ወደኛ ሲያይ እሱ ፊቱን አዙሮ ጋቢውን እየለበሰ ነበር። እኔ ገና አልወደቅሁም። ገና ቆሜ ነበር። እሱ ግን ዞሯል።

ሞላ ክንዴን ጎትቶ ክብደቴን በግራ እግሬ ላይ አሳረፈውና ቅልጥሙን ከውስጥ በኩል ጉልበቴ ላይ አስገባ። የስብራቱን ድምፅ እኔ ብቻ ሳልሆን ሰዉም ሰማው። ራሴን ለማዞር ሞከርሁ፤ እግሬ ተይዞ ነበርና አልሆነም። ሴቶች ሲጮሁ ሰማሁ፤ ካፖው "ማኪናውን አምጡ!" ሲል ሰማሁ። የአያ ጫኔን ድምፅ ጠበቅሁ። አልነበረም።

ወደ ካምፑም አልተመለሰ። ጎጆውን ሲያዩት ባዶ ነው፤ ቦርሳውም የለም። እኔ ጎንደር ወንድሜ ቤት ተኝቼ ምክንያቱን ስፈልግ ወራት አለፉ። ያገኘሁት መልስ አንድ ነበር፦ ያን እሑድ ስለጣልሁት ነው፤ ሰው ፊት ስለጣልሁት። "ሸጋ ነው" ያለኝን ቃል እያገላበጥሁ ውስጡ መርዝ ፈለግሁበት። በመጠኑም ቢሆን ያ መልስ ይሻለኝ ነበር፤ ቅናት ከሆነ፣ ቢያንስ እኔን አስቦ ያደረገው ነው።

በመጋቢት ሞላ አንድ እንስራ ማር ይዞ ወንድሜ ቤት መጣ። አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ተናገረ።

"ደምሴ፣ እኔ አልተኛሁም። ማወቅ አለብህ። ያን ትግል ያስተማረኝ አያ ጫኔ ነው። አባቴ አስጠራው፤ ከገና በፊት እሑድ እሑድ እየመጣ አስተማረኝ።"

"ጉልበቴንስ?"

"እሱው ነው የነገረኝ። 'ግራው ከውስጥ በኩል አልጠገገም፤ ከዚያ ግባበት' አለኝ። እንደሚሰበር ግን አላወቅሁም። ማርያምን አላወቅሁም።"

"እሱ ምን አገኘ?"

"በየካቲት ሽማግሌዎቹ መሰከሩለት" አለኝ ሞላ። "ርስቱ ተፈረደለት።"

አመንሁት። ሞላን ያመንሁት ያን ቀን ነው፤ ማሩንም ተቀበልሁት።

ለመንገዱ ሥራ የሚሆን እግር ስላልነበረኝ ወደ ካምፑ አልተመለስሁም። ዓመት አልፎ፣ በዱላ መሄድ ስችል፣ በኅዳር አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድሁ። ያመላከቱኝን ዳገት ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አያ ጫኔ ገብሱን ሲያይ ደረስሁበት። ሸጋ ገብስ ነበር፤ አይዋሽም። ጎጆው አዲስ ነው፤ ክዳኑ ገና አልጠቆረም። ከሩቅ ስመጣ አይቶኝ ነበር፤ አልሸሸም። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ጋቢውን አነጠፈልኝ።

"መጣህ" አለኝ።

"መጣሁ።"

"ሞላ ነገረህ?"

"ነገረኝ። ካንተ አፍ ልሰማው ነው የመጣሁ።"

አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። መሬቱ ላይ ከፊቴ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረኝ።

"ጭቃ ሹሙ አስጠራኝ። 'ልጄ ዘንድሮ እንዲወድቅብኝ አልሻም፤ አንተም ምስክር ትሻለህ' አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ደምሴ፣ አባቴ ያረሰውን ሰው ሲያርሰው አስራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ እያለፍሁ አይቻለሁ። አጥሩን ሲያፈርሱት አይቻለሁ። አንተ በኔ ዐይን አላየኸውም።"

"ግባ ስትለኝ ታውቅ ነበር?"

"መውደቅህን አውቅ ነበር። መሰበርህን አላወቅሁም። ትዞራለህ ብዬ ነበር።"

"የተያዘ እግር አይዞርም አያ ጫኔ።"

"አይዞርም" አለ።

ነፋሱ ገብሱን እያስተኛ አለፈ። ልሳደብ ነበር የመጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ስድቡን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስናገር ግን የወጣው ሌላ ነው።

"ምነው ለኔ አልነገርኸኝ?" አልሁት። "ጭቃ ሹሙ እንዲህ አለኝ ብትለኝ እኮ እወድቅልህ ነበር። ሞላ እንደልማዱ መጥቶ ወገቤን ሲይዘኝ፣ ጀርባዬን ለመሬት እሰጥልህ ነበር። ማንም አያውቅም። መሬትህን ታገኝ ነበር፤ እኔም በእግሬ እሄድ ነበር።"

አያ ጫኔ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ሰው ቋንቋውን የማያውቀውን ነገር ሲሰማ እንደሚያይ ነው ያየኝ።

"ይኼን... አላሰብሁትም" አለኝ። ቀጥሎም፣ "እውነት ትወድቅልኝ ነበር?"

"አንድ ቀን እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?"

እነዚያ ረጃጅም እጆቹ ጭኑ ላይ ተጋድመው ነበር። ቀስ ብሎ አነሳቸውና፣ እንደዚያ ሁለት ሳምንት እንዳሸኝ ሁሉ፣ ወደ ግራ ጉልበቴ ዘረጋቸው።

"እስቲ ልየው" አለኝ።

ጉልበቴን በሱሪዬ ሸፍኜ በዱላዬ ተነሳሁ።

"እምቢ" አልሁት።

እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። እኔ ገብሱን በዳር በዳር ዞሬ፣ እግሬን እየጎተትሁ፣ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረድሁ።